ኢ-ቀጥተኛ

የማታው ክፍል ነው፤ ኮምቦልቻ መሽቷል፤
ከጨርቃ ጨርቁ በር ፈረቃው ወጥቷል።
ዘሀራ ከፊት ናት፤ ጥጥ ነክቶታል ሻሿን፤
ጥርሷ ውስጥ ይዛለች የእስክሪብቶ ክዳኗን።
ጠመኔ አነሣሁና ከሰሌዳው ቆምኩ፤
የሰውን አፍ ማዞር ማስተማር ጀመርኩ፦

«ትእምርተ ጥቅሱ በቅድሚያ ይፍረስ፤
‹አይ› ብሎ የመጣው ‹ሂ› የሚለውን ይልበስ፤
‹ዊል› ያለው ‹ዉድ› ይበል፥ ይሽሽ ወደ ኋላ፤
‹ቱሞሮ›ም ስሙ ይለወጥ በሌላ፦
‹ዘ ኔክስት ዴይ› ይባል። እዚህ ያለው እዚያ፤
እንደ ሰኞ ዕቃ ሲነሣ ከገበያ።»

ዘሀራ እጇን አወጣች። «ቲቸር፥ አለቃችን
‹ነገ ይከፈላል› አለ ትርፍ ሰዓታችን።
ይህን ያለን ጥቅምት ነው፤ አሁን መጋቢት።
በአማርኛ ስናወራው ነገው ነገ ነው፤ አያልቅበት።
በእንግሊዝኛው ግን...» ብላ ጣቷን አጠፈች፥
«...‹ዘ ኔክስት ዴይ› ካሉት፥ ቀኒቱ አለፈች!»
ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ «ጎበዝ» አልኳት፤
ሰዋስው ደረሰኝ ሲሆን ያን ለት ነው ያየሁት።

የኔን ግን አልነገርኳቸውም።

እንድሪስ ሾፌር ነው፤ ደሴ ኮምቦልቻ ይሠራል፤
ኔትወርክ ሲጠፋ የሰው ቃል ይጭናል።
«ላሚቱን ሸጥኳት» ይልሃል፥ ላም ኖሮት አያውቅም፤
«ፈተናውን አለፍኩ» ይልሃል፥ ከስድስት አልዘለቀም።
«ወለድኩ» ብሎኝ ያውቃል፥ ጢሙን እያከከ
(የእህቴ ቃል ነበር፥ በሱ የተላከ)።
መውለድስ አያሳስት። ሕመም ግን ያሳስታል፤
ለሾፌርም ለማንም በልኩ ይሰፋል።

ሰኔ ነው። ሐረጎን ጉም ውጦት ቁልቁለቱን፥
እንድሪስ መናኸሪያ አቆመ ሚኒባሱን።
ፍሬኑ ይሸታል። በመስኮት አየኝና
«አሞኛል» አለኝ፥ አንገቱን አወጣና።
«ምነው? ምንህን ነው? ውሃ ላምጣልህ?» አልኩ።
ረዳቱ ሂሳብ ይላል፤ ሳንቲም ወደቀ፤ ጠበቅሁ።
ማርሹን እየነቀነቀ፦
«...ብላለች እትዬ ይመኙሻል። ንገረው ብላኛለች።
ከሆጤ ስወጣ በር ላይ ቆማ ነበረች።»

ሳቅሁ። እግዜር ያሳያችሁ፥ ሳቅሁ!
በእንድሪስ ሕመም ደንግጬ፥ በእናቴ ተረጋጋሁ።
የኛ ቋንቋ እንዲህ ነው፤ ባለቤቱ ኋላ ይመጣል፤
የእናትህ ‹እኔ› በሰው አፍ ተሳፍሮ ይወርዳል፥
ሳይለወጥ፥ ሳይሸሽ፥ እንዳለ ትኩሱን፤
አንተ ግን የምታየው የሾፌሩን ፊት ነው እንጂ የሷን።

የሚታረም ነበረኝ፥ ሰማንያ ወረቀት።
ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ነው። «ዓርብ እመጣለሁ በላት።»

ዓርብ ደረስኩ።
ማንም ጠመኔ ሳያነሣ፥ ሕጉንም ሳይጠቅሱ፥
አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሽቶ ጠበቀኝ ግሱ፦
አሟት ነበር።

በዘንድሮው ፈተና ላይ፥ ተራ ቁጥር ሰባት፦
‹አሞኛል› አለች እናቴ፥ በእንግሊዝኛ፥ ‹ለውጧት›።
መጽሐፉ ነው ያመጣው፥ እኔ አላወጣሁትም።
ሁሉም ለወጧት። ልክ ናቸው። አንድም አልተሳሳተም።
ራይት፥ ራይት፥ ራይት፤ ቀይ እስክሪብቶዬ አለቀ።

ትናንት መናኸሪያ፥ እንድሪስ ከመስኮቱ
«ርቦኛል» አለኝ፥ ክንዱን ጥሎ በበሩ ብረቱ።
ቆምኩ። የቀረውን ጠበቅሁ፤ የማን ቃል እንደሆነ፤
ከየትኛዋ ደጃፍ፥ በስንት ሰዓት እንደተጫነ።
ረዳቱ ይጣራል፦ «ደሴ! ደሴ! የሞላ!»
ትንፋሼን ውጬ ጠበቅሁ።
እንድሪስ አየኝ። ግራ ገባው።
«እኔን ነው እኮ» አለ፤ «ቁርስም አልበላሁ።»

ሁለት ዳቦ ገዛሁለት።
በልቶ እስኪጨርስ ቆምኩ።